ልጅዎ የገጨው የጋራዥ በር፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። «የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ጀርመንታውን ነው። ባለፈው ሳምንት ትልቁ ልጄ ጠዋት ሲቸኩል በሩ ሳይከፈት መኪናውን ወደ ኋላ ነድቶ ገጨው። በሩ የሁለት መኪና ነው። ቤቱ በ2004 ሲሠራ አብሮ የተገጠመ ነው። ከታች ያሉት ሁለት ፓኔሎች፣ ማለትም የበሩ አግድም ክፍሎች፣ ወደ ውጭ ጎብጠዋል። በሪሞት ይከፈታል፤ ግን ይንቋቋል፣ መሃል ላይ ሲደርስም ይንቀጠቀጣል። አንድ ባለሙያ መጥቶ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፣ ዋጋውም 3,400 ዶላር ነው አለኝ። ሌላው ሁለቱን ፓኔል ብቻ በ1,350 እቀይራለሁ አለ። ባለቤቴ ደግሞ ቀጥቅጬ አቀናዋለሁ ብሎ መዶሻ ይዞ ተነሥቷል። ማንን ልስማ?»

እህቴ፣ ባለቤትዎ መዶሻውን መጀመሪያ ያስቀምጡት። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ። እርስዎም ሪሞቱን ከዛሬ ጀምሮ አይንኩት። «ይከፈታል» ማለት «ደህና ነው» ማለት አይደለም። የጎበጠ በር በሞተር በተጎተተ ቁጥር ጉዳቱ ወደ ላይኞቹ ፓኔሎች ይዛመታል። ሞተሩም ያልለመደውን ሸክም ሲጎትት የማርሹ ጥርስ ይበላል። ያን ጊዜ የበር ብቻ የነበረው ወጪ የበርና የሞተር ይሆናል። መኪናው ውስጥ ከሆነና የግድ መውጣት ካለበት ሰው ጠርተው ያስወጡት። ከዚያ በሩ ተዘግቶ ይቆይ።

እኔ በዚህ ሥራ ላይ 14 ዓመቴ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ያልገባሁበት ሰፈር ጥቂት ነው። አገር ቤት «ጋራዥ ነው የምሠራው» ስል እናቴ እስካሁን መካኒክ የሆንኩ ይመስላታል። በሮች ነው የምሠራው ብላትም «ታዲያ በር ምን ሥራ አለው?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። አገር ቤት የግቢ በር በመኪና ቢገጭ ብየዳ ቤት ይወሰዳል፣ ይቀጠቀጣል፣ አንቲረስት ይቀባል፣ አለቀ። ያ በር ዙሪያውን የብረት ፍሬም አለው። ላሜራው ቢጎዳ ፍሬሙ ይይዘዋል።

የእርስዎ በር ግን እንደዚያ አይደለም። ላሜራው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ጥንካሬውን የሚያገኘው ከብረቱ ውፍረት ሳይሆን ከታጠፈበት ቅርጽ ነው። ፓኔሉ ላይ የሚያዩት አራት ማዕዘን ጌጥ ራሱ ለውበት ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ላሜራውን ያጠነክራል። ከላይና ከታች ያለው ጠርዝም ምላስና ጉድጓድ ሆኖ የተሠራው አንዱ ፓኔል ከሌላው ጋር እንዲገጥም ነው። አንድ ካርቶን አንዴ ከታጠፈ በኋላ መልሰው ቢያቃኑት ሁለተኛ ጊዜ የት ይታጠፋል? እዚያው። የበሩም ነገር እንዲሁ ነው። በመዶሻ ሊቀና ይችላል፤ ፎቶ ሲነሣም ቆንጆ ይመስላል። ግን ያ መስመር ለዘላለም ደካማ ነው።

ይህን በራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የአገራችን ሽማግሌ በራቸውን ገጭተው ጠሩኝ። ልረዳቸው ብዬ ፓኔሉን በጣውላና በመዶሻ አቀናሁላቸው፣ ከውስጥ አግድም ብረት አሰርኩበት፣ 120 ዶላር ተቀብዬ ሄድኩ። በጣም ደስ አላቸው። ሁለት ክረምት ቆይቶ በሩ በዚያው መስመር ታጥፎ ከሐዲዱ ወጣ። ሰው አልነካም፣ ተመስገን። ገንዘባቸውን መለስኩላቸው፤ እሳቸው ግን ይቅርታ ያደረጉልኝ አይመስለኝም። አግድም ብረቱ በራሱ ክፉ ሆኖ አይደለም። ሰፊ በር ሁሉ ያስፈልገዋል፤ በትንሹ የሳሳ ፓኔልንም ይደግፋል። የተሰበረ ቅርጽ ግን አይመልስም።

የበርዎ ጉዳት ለምን ሁለት ፓኔል እንደነካ ልንገርዎት። ባለ 7 ጫማ በር አብዛኛውን ጊዜ 4 ፓኔል ነው፤ እያንዳንዱ 21 ኢንች። የቤት መኪና ፓራውልት ደግሞ ከመሬት ከ16 እስከ 20 ኢንች ባለው ከፍታ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ምቱ የሚያርፈው ልክ አንደኛውና ሁለተኛው ፓኔል ከሚገናኙበት በታች ነው። ማጠፊያዎቹ ያሉት፣ ሮለሮቹም (በሐዲዱ ውስጥ የሚሽከረከሩት ትንንሽ ጎማዎች) የገቡት እዚያ ነው። ከፓኔል መሃል ላይ ብስክሌት ወይም ኳስ ያስረጎደው በር ሌላ ነገር ነው። እሱን «ተዉት» ነው የምለው፤ በየዓመቱ ቢያንስ አሥር ሰው «ምንም አያስፈልገውም፣ ዓይንዎን ጨፍነው ይለፉት» ብዬ ሳላስከፍል እመለሳለሁ። በይነ መረብ ላይ በደረቅ በረዶና በፀጉር ማድረቂያ ስርጉድን ስለማውጣት የሚያሳዩትን ቪዲዮ ግን አይመኑ። በተለይ በሩ ውስጡ ፎም ከሆነ ላሜራው ከፎሙ ጋር ተጣብቆ ነው የተሠራው። አንዴ ከለቀቀ ተመልሶ አይጣበቅም።

አሁን ባትሪ ይያዙና ከውስጥ ሆነው ይዩት። በእጅዎ ምንም አይፍቱ፤ ማየት ብቻ ነው። ሁለቱ ፓኔሎች የሚገናኙበትን መስመር ከዳር እስከ ዳር ይከተሉት። ብርሃን የሚያስገባ ክፍተት አለ? ጠርዙ ተሰንጥቋል ወይስ ተጨማዷል? ከዚያ የፓኔሉን ጫፍና ጫፍ ይዩ። ማጠፊያው የታሰረበት ቦታ ተቀዶ ብሎኖቹ ከነላሜራው ወጥተው ከሆነ ያ ፓኔል አብቅቶለታል። ሮለሮቹን ይቁጠሩ፤ ዘንጋቸው የጎበጠ ካለ ልብ ይበሉ። ሐዲዱንም ይዩ፣ በተለይ ከወለል እስከ ወገብዎ ያለውን። የጎበጠ ሐዲድና የጎበጠ ሮለር ርካሽ ነገሮች ናቸው። መንቋቋቱ ከእነሱ ብቻ የሚመጣ ሊሆንም ይችላል። ፓኔሉ ሳይጎዳ ሐዲዱ ብቻ ተጣሞ «በሩ ሙሉ ይቀየር» የተባለ ሰው አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን እባክዎ ከልብ ይስሙኝ። ከታች ግራና ቀኝ ጥግ ላይ የሽቦ ገመድ የታሰረበት ትንሽ ብረት አለ። አብዛኛው ሰው የሚፈራው ከላይ ያለውን ሞላ ነው። ልክ ነው፣ ያስፈራል። ግን ያ ጥግ ላይ ያለው ብረት የሞላውን ኃይል በሙሉ በገመዱ በኩል ተሸክሞ ነው የተቀመጠው፤ በሩ ሲዘጋ ደግሞ ጉልበቱ ይብሳል። ሰው የታችኛውን ፓኔል ሊያቃና ሲል መጀመሪያ የሚፈታው እሱን ነው። አብሮኝ የሠራ ልጅ ሁለት ጣቱን ያጣው በዚያ ነው፤ ያውም ሥራውን ያውቀው ነበር። ባለቤትዎ መዶሻውን ያስቀምጡ ያልኩት ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለ ሞላው ትንሽ ላብራራ፤ ምክንያቱም ዋጋው ላይ የሚወስነው እሱ ነው። በሩን የሚያነሣው ሞተሩ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። የሁለት መኪና በር ፎም ያለው ከሆነ 200 ፓውንድ አካባቢ ሊመዝን ይችላል፤ ወደ አንድ ኩንታል ጤፍ የሚጠጋ ማለት ነው። ያንን የሚሸከመው ሞላው ነው። ሞተሩ የሚያደርገው ቀና ማድረግና መመለስ ብቻ ነው። ተራ ሞላ ለ10,000 ዙር ነው የሚሠራው። አንድ መክፈትና አንድ መዝጋት አንድ ዙር ነው። በቀን 4 ጊዜ ከከፈቱ ከ7 ዓመት ትንሽ ያነሰ ይቆያል። ልጆች ነድተው መውጣትና መግባት ሲጀምሩ ደግሞ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። ቤትዎ ከ2004 ጀምሮ ያለ ከሆነ ሞላው ቢያንስ አንዴ ተቀይሯል ብዬ አስባለሁ። መቼ እንደተቀየረ ያስታውሱ። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ሞላ ካላዩና በቦታው ለስላሳ ቱቦ ብቻ ካለ ሞላው የተደበቀው ቱቦው ውስጥ ነው። የዌይን ዳልተን በሮች ላይ ይህ የተለመደ ነው። እሱን ለባለሙያው አስቀድመው በስልክ ይንገሩት።

እሺ፣ ወደ ገንዘቡ እንምጣ።

ሁለቱን ፓኔል ብቻ የመቀየር ሐሳብ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ችግሩ ያንኑ ፓኔል ማግኘት ነው። በበሩ የውስጥ ገጽ ላይ፣ ጫፍ አካባቢ ወይም ከላይኛው ፓኔል ላይ፣ አንድ ስቲከር አለ። የአምራቹ ስም፣ የሞዴል ቁጥር፣ አንዳንዴ የተሠራበት ቀን ይጻፍበታል። ክሎፔይ፣ አማር፣ ዌይን ዳልተን፣ ሬይነር ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። ያን ቁጥር ሳያይና ሳይደውል «ፓኔሉን እቀይራለሁ» የሚል ሰው ከየት ሊያመጣው እንደሆነ ይጠይቁት። ከ20 ዓመት በላይ የሆነው ሞዴል ብዙ ጊዜ ምርቱ ቆሟል። ከሩቅ ሲያዩት ተመሳሳይ የሚመስል ፓኔል አለ፤ ግን ምላሱ ከጉድጓዱ ጋር አይገጥምም። ገጥሞም ከሆነ ውፍረቱ ይለያያል፣ ወይም አሮጌው ባዶ ላሜራ ሆኖ አዲሱ ፎም ያለው ይሆናል። ክብደቱ ሲጨምር አሮጌው ሞላ አይበቃውም። በሩ ይከብዳል፣ ሞተሩ ይደክማል፣ ስድስት ወር ሳይሞላ እንደገና ይደውላሉ።

የቀለሙም ነገር አለ። «ነጭ ነጭ ነው» ይላሉ። አይደለም። 20 ዓመት ፀሐይ የመታው ነጭና ከፋብሪካ የወጣ ነጭ አጠገብ ለአጠገብ ሲቆሙ ያስታውቃሉ። ከታች ሁለቱ አዲስ፣ ከላይ ሁለቱ አሮጌ ሲሆኑ ቤቱ ካልሲ ያጠለቀ ይመስላል። ሙሉውን መቀባት ይቻላል፤ ግን እሱም ዋጋ አለው። የሰፈር ማኅበር ካለባችሁ ደግሞ፣ ጀርመንታውን ውስጥ ሳይኖር አይቀርም፣ ቀለምም ሆነ ዲዛይን ከመቀየራችሁ በፊት ፈቃድ ይጠይቃሉ። ይህን ረስቶ አዲስ በር ያስነቀለ ሰው አይቻለሁ።

አሁን 1,350 እና 3,400ን በቀጥታ አያወዳድሩ። የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። አዲስ በር ሲገዛ አብሮት አዲስ ሐዲድ፣ አዲስ ሞላ፣ አዲስ ገመድ፣ ማጠፊያ፣ ሮለርና የታችኛው ጎማ ይመጣል። ጥገናው ላይ ግን እነዚህ ሁሉ አሮጌ ሆነው ይቀራሉ። ሞላዎ የመጨረሻ ዓመቱ ላይ ከሆነ 1,350ው ቶሎ ሌላ ጥቂት መቶ ዶላር ይወልዳል። በሌላ በኩል 3,400ው ውስጥ ምን እንዳለ በዝርዝር ያስጽፉ። አዲስ ሞተር ከተጨመረበት ለምን ብለው ይጠይቁ። በሩ መገጨቱ ብቻውን ብዙ ጊዜ ሞተሩን አያበላሸውም። ከ1993 ወዲህ የተሠራ ሞተር ከሆነ ከታች ግራና ቀኝ የሚተያዩ ሁለት ትንንሽ ዓይኖች (ሴንሰሮች) አሉት፤ እነሱ እየሠሩ ከሆነና ሞተሩ ደህና ከሆነ አዲሱ በር ላይ ይገጠማል። አንዳንድ ሠራተኛ ደግሞ ለአዲስ በር ዋጋ ተቀብሎ አሮጌውን ሐዲድ ትቶ ይሄዳል። «አዲስ ሐዲድ» የሚለው ቃል ደረሰኙ ላይ ይኑር።

የእኔ ፍርድ ምንድን ነው? ሳላየው ስለምናገር ቀይ መስመር አላሰምርም። በሩ ከ20 ዓመት በላይ ነው፣ ከ4 ፓኔል 2ቱ ሄዷል፣ ያውም የታችኛው ጭምር። መንቀጥቀጡ መሃል ላይ መሆኑ የመገጣጠሚያው መስመር መሰበሩን ይጠቁመኛል። እኔ ብሆን እቀይረዋለሁ። ግን በ3,400 መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሦስተኛ ዋጋ ይጠይቁ። ይኸው በር የ6 ዓመት ዕድሜ ቢኖረውና ሞዴሉ አሁንም ቢመረት መልሴ ተቃራኒ ይሆን ነበር። አንድ ፓኔል ብቻ ከሆነም እንዲሁ።

አዲስ ካስገቡ ጥቂት ነገር ላይ አይቆጥቡ። ከጋራዡ በላይ መኝታ ቤት አለ? እንግዲያው ፎም ያለው በር ይግዙ፤ በክረምት ያ ክፍል ለምን እንደሚበርድ ያን ጊዜ ይገባዎታል። ከላይ መኝታ ከሌለና መኪና ብቻ የሚቀመጥበት ከሆነ ግን ስለ ሙቀት መከላከያ ቁጥር የሚነግርዎትን ሻጭ ብዙ አይስሙት። ያ ቁጥር የሚለካው በፓኔሉ ላይ ነው፤ በየዳሩ በሚገባው ነፋስ ላይ አይደለም። የላሜራውን ውፍረት ሲጠይቁ «ጌጅ» ይሏችኋል። ቁጥሩ ሲያንስ ነው ብረቱ የሚወፍረው፤ 24 ከ28 ይሻላል። ሰው ይህን በግልባጩ ይረዳውና ቀጭኑን በደስታ ይገዛል። ሞላውንም ከ10,000 ወደ 25,000 ዙር ማሳደግ ይቻላል። ጭማሪው ትንሽ ነው። መኪና መንዳት የጀመረ ልጅ ላለበት ቤት ዓይኔን ሳላሽ የምመክረው ይህንን ነው።

ሻጮች አንድ ቁጥር ይጠቅሱልዎታል። በ2024 በአሜሪካ የወጣ የቤት እድሳት ዘገባ፣ ሪሞዴሊንግ የተባለው መጽሔት ያዘጋጀው፣ የጋራዥ በር መቀየር ቤት ሲሸጥ ከወጪው ወደ 194 በመቶ ይመልሳል ይላል። ቁጥሩ እውነት ነው። ግን የተሰላው ወደ 4,500 ዶላር በሚያወጣ ጥሩ በር ላይ ነው፣ ያውም ለሚሸጥ ቤት። በሚቀጥለው ዓመት ቤቱን ካልሸጡ ይህ ቁጥር የእርስዎ ጉዳይ አይደለም።

ኢንሹራንስን በተመለከተ፣ የልጅዎ መኪና ኢንሹራንስ የሌላ ሰው ንብረት ላይ የደረሰን ጉዳት ነው የሚከፍለው፤ የራስዎን ቤት በር አይከፍልም። የቤት ኢንሹራንሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍነዋል። ዲዳክተብልዎን፣ ማለትም ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪስዎ የሚወጣውን፣ ይዩ። 1,000 ዶላር ከሆነ ለ1,350 ጥገና ብሎ ክሌይም (የካሳ ጥያቄ) መክፈት ቂልነት ነው፤ 350 ዶላር ተቀብለው ወርሃዊው ክፍያ ሊጨምርብዎት ይችላል። ለ3,400 ሲሆን ግን ወኪልዎን ማነጋገር ያስኬዳል። በሩን የገጨው እንግዳ ቢሆን ኖሮ የእሱ መኪና ኢንሹራንስ ይከፍል ነበር። ልጅ ሲሆን እንግዲህ ምን ይደረጋል።

ሰው ሲመርጡ ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ ስለሆኑ ዕድለኛ ነዎት። የቤት እድሳት ሠራተኛ ከግዛቱ የቤት እድሳት ኮሚሽን ፈቃድ ያገኘ መሆን አለበት፤ «ኤም.ኤች.አይ.ሲ.» የሚል ቁጥር ውሉ ላይ ይጻፋል። ቁጥሩን ይጠይቁና በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ያረጋግጡ። ቅድሚያ ክፍያም ከጠቅላላው ዋጋ ሲሶ መብለጥ የለበትም፤ ሕግ ነው። ግማሹን አምጡ የሚል ካለ በሩን ያሳዩት፣ የተሰበረውን ቢሆንም። ከሁሉ በላይ «በ29 ዶላር ቤትዎ ድረስ መጥተን እናያለን» የሚል ማስታወቂያ ይጠንቀቁ። 29ኙ የመግቢያ ብቻ ነው። ሞላዎ አደገኛ ነው፣ ገመዱ ሊበጠስ ነው፣ ይባላሉ፤ ሲወጡ ሒሳቡ ሺህ አልፏል።

ሥራው ሲያልቅ ሠራተኛው ከመሄዱ በፊት ሁለት ነገር ያስደርጉት። በሩ ተዘግቶ ቀዩን ገመድ ይጎትትና ከሞተሩ ያላቅቀው፤ ከዚያ በእጁ ወደ ላይ ያንሣው። እወገቡ ላይ ሲደርስ ይልቀቀው። ሞላው በትክክል ከተለካ በሩ እዚያው ይቆማል። ከወደቀ ወይም ወደ ላይ ከበረረ ሥራው አላለቀም። ሁለተኛው፣ ከሞተሩ ጋር መልሶ ካገናኘው በኋላ፣ ሁለት በአራት ኢንች የሚባለውን ቁራጭ ጣውላ ወለሉ ላይ አጋድሞ በሩን በሪሞት ይዝጋው። በሩ ጣውላውን እንደነካ መመለስ አለበት። ዓይኖቹም ከወለል ከ6 ኢንች በላይ መሰቀል የለባቸውም። አንዳንዱ ቁጢጥ ብሎ መሥራት ሰልችቶት ከፍ ያደርጋቸዋል፤ የሚንፏቀቅ ሕፃን ከሥሩ ያልፋል። ግጭቱ አቅጣጫቸውን አስቷቸውም ሊሆን ስለሚችል አሁኑኑ ይመልከቷቸው።

ስቲከሩን ዛሬ ማታ ይፈልጉት። ቁጥሩን ከሁለቱ ፓኔሎች የውስጥ ፎቶ ጋር ከላኩልኝ ሞዴሉ አሁንም ይሠራ እንደሆነ ጠይቄ እነግርዎታለሁ። ይሠራ ከሆነ ከላይ ያልኩትን ግማሹን ልመልሰው እችላለሁ።